ተራ ቁጥር ሃያ ሦስትን ስለማዛወር

ቁጥር፦ የለውም (እኛ ቤት መዝገብ ቤት ባለመቋቋሙ ይቅርታ እጠይቃለሁ)

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለማቅረብና አንዲት ማህተም ስለመለመን

ክቡር ርዕሰ መምህር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ የእርስዎን ጤንነት፣ የምክትልዎን ጤንነት፣ የመዝገብ ቤትዎን ጤንነት፣ እንዲሁም በጠረጴዛዎ ቀኝ በኩል በቆርቆሮ ሣጥኗ ውስጥ የምትኖረውን የክብ ማህተምዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ወንበርዎ እንዳይነቀነቅ፣ መጋረጃዎ እንዳይደበዝዝ፣ ስብሰባዎ እንዳይጓደል ዘወትር ምኞቴ ነው። የእኛን ቤት ጤንነት ባይጠይቁኝም ሥራ ስለሚበዛብዎ እንጂ ክፉ ሰው ሆነው እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ሳልጠየቅ ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

ምናልባት በመልክ ባያስታውሱኝ በእጅ ጽሑፌ ያውቁኛል። ሥራዬ ሰሌዳ መጻፍ ነው፤ የሱቅ፣ የክሊኒክ፣ የጋራዥ ሰሌዳ እጽፋለሁ። በዋናው በርዎ ግድግዳ ላይ «ለተመለሱ ልጆቻችን የአእምሮ ሰላም እንተጋለን» የሚለውን፣ ቁመቱ አንድ ክንድ የሆነውን ጽሑፍ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከረዥም ጊዜ በኋላ ወደ ትምህርት ስለሚመለሱ ልጆች ከበላይ አካል ሰርኩላር እንደ መጣልዎ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ በሚለው ላይ ኮሚቴዎ ሁለት ጊዜ እንደ ተሰበሰበ፣ በመጨረሻም «አረንጓዴ አእምሮን ያረጋጋል» ተብሎ በአብላጫ ድምፅ እንደ ተወሰነ አይዘነጉትም። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ ውሳኔውን ስጠብቅ ፀሐይ አናቴን ብትመታኝም አልተማረርኩም፤ ከሚመለሱት ልጆች አንዷ የእኔ ልጅ ነበረችና ለእርሷ የምጽፍ መስሎኝ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍኩት።

ስለ ልጆቼ ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ ፋይላቸው ለጊዜው እንዳልተገኘ ከመዝገብ ቤትዎ ሰምቻለሁ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩኝ። በመካከላቸው የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልዩነት ቢኖርም፣ አንዷ ለአንዷ ትሁናት ብለን ታላቋን አንድ ዓመት ቤት አቆይተን ሁለቱንም በአንድ ቀን አስመዘገብናቸው። ታላቋ ዝምተኛ ናት፤ ውኃ ሲጠማት እንኳ ብርጭቆውን ታያለች እንጂ ስጡኝ አትልም። ታናሿ ግን በእንቅልፏም የምታወራ ስለነበረች እናቷ «ለፍላፊት» ብላ ስም አወጣችላት፤ ከዚያ ወዲያ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ትምህርት ቤት ብቻ ሆነ። ጠዋት ስም ሲጠራ የታላቋ ድምፅ ከሁለተኛው ወንበር አያልፍም ነበርና፣ ለፍላፊት ከአጠገቧ ሆና «አቤት ብላለች» እያለች በእህቷ ፈንታ ትጮህ ነበር። የያኔው መምህራቸው፣ ጡረታቸው ይባረክና፣ ነገሩን ለምደውት እየሳቁ ምልክት ያደርጉ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነበር ወጋቸው።

ወደ አራተኛ ክፍል ባለፉበት ዓመት፣ በዕረፍቱ ሁለተኛ ሳምንት፣ አንድ ዓይነት የሳንባ ሕመም ሁለቱንም ጣላቸው። በአንድ ሆስፒታል፣ በሁለት ፎቅ ተኙ። እናታቸው ላይኛው ፎቅ፣ እኔ ታችኛው ፎቅ ሆንን፤ የምንገናኘው ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ብቻ ነበር፤ ያኔም አንዳችን ሌላችንን ለመጠየቅ ስለምንፈራ ፊት ፊታችንን አይተን እናልፋለን። በአምስተኛው ሳምንት ለፍላፊት ሞተች። ታላቋ በኦክስጅን ትተነፍስ ስለነበር አልነገርናትም፤ ቀብሩም ያለ እርሷ አለፈ። ሲሻላት አጠገቧ ተቀምጬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሐኪሟ «ልጅ የሚጎዳው በእውነቱ ሳይሆን በማድበስበሱ ነው፤ ተኛች፣ ሄደች እንዳይሏት» ብለው አስጠንቅቀውኝ ስለነበር፣ ቃሉን ሳልሸፍን «እህትሽ ሞታለች» አልኳት። «እሺ» አለች። አመነችኝ። ክቡርነትዎ ይህችን «አመነችኝ» የምትለዋን ቃል ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የጠፋው ዕቃ እርሷ ናትና።

ደረቷ እስኪጠገን፣ እግሯ እስኪጸና ሰባት ወር ፈጀ። ከዚያ በኋላ የተደረገልንን በተራ በተራ እያነሣሁ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወረቀት አያያዝዎ። ልጄ ከመመለሷ ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ወረቀት አምጥቼ ነበር። አንዱ የታናሿ የሞት ማስረጃ ነው። ሁለተኛው የታላቋ ሐኪም ምክር ነው፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን ብቻ ትማር፣ ሲከፋት የምትሄድበት አንድ የታወቀ ትልቅ ሰው ይኑራት፣ ሰው ፊት ስለ ሕመሟ አትጠየቅ፣ መምህሯና የክፍል ጓደኞቿ ስለ እህቷ አስቀድሞ በቀላል ቃል ይነገራቸው የሚል ነበር። ሁለቱም «ገቢ» የሚል ማህተም ተመቶባቸው ፋይል ገቡ፤ አገባባቸው ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሰው ዓይን ያላረፈባቸው እስኪሆን ድረስ አስተማማኝ ነበር። ባንኮች ከእናንተ ቢማሩ ምን ነበረበት እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አቀባበሉ። ልጄ በተመለሰችበት ጠዋት፣ ሺህ ያህል ልጆች በተሰለፉበት፣ ምክትልዎ እጇን ይዘው መድረክ ላይ አወጧትና ማይክሮፎን አፏ ላይ ደግነው «ያሳለፍሽውን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን በአጭሩ ንገሪን» አሏት። ውኃ ስጡኝ ማለት የማይሆንላትን ልጅ ማለቴ ነው። እኔ ከአጥሩ ውጭ በብረቱ መካከል እያየሁ ነበር። ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም ምክትልዎ ማይክሮፎኑን መለስ አድርገው «ደስታ አፏን ያዛት» አሉ፤ ትምህርት ቤቱም አጨበጨበ። የሰውን ፊት እንዲህ ማንበብ የሚያውቁ ሰው በምክትልነት ማስቀመጥዎ ያስመሰግንዎታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ምክር አገልግሎቱ። የምክር አገልግሎት ክፍሉ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱ መሆኑን፣ አማካሪውም የስፖርት መምህሩ መሆናቸውን በቅርቡ ነው የተረዳሁት። መልካም ሰው ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድም ቀን ሥልጠና እንዳላገኙ በግልጽ ነግረውኛል። ልጄን በኳሶቹ መካከል አስቀምጠው ሃያ ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጧት። ጥያቄዎቹ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ቁጣ ናቸው፤ የሞተ ሰው እንዳለ የሚጠይቅ ግን የለባቸውም። አልቅሳ ስለማታውቅና ማንንም ስላልመታች ሃያ ከሃያ አግኝታለች። ልጄ በሕይወቷ ሙሉ ውጤት ያገኘችው በዚህ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ስም ጥሪው። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ጠጠር ሊልብዎ ይችላልና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአራተኛ «ለ» የስም መጥሪያ የታተመው አምና ካለፉት ተማሪዎች ዝርዝር ነው። ስለዚህ ታላቋ ተራ ቁጥር ስምንት፣ ለፍላፊት ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ክፍሎቹ ተቀላቅለው ስለነበር ከስድሳ አራቱ ልጆች እህትማማቾቹን የሚያውቁት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። መምህርቷም አዲስ ናቸው፤ የማስረጃው ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ተኝቶ ስለነበር የነገራቸው የለም። ልጄ በተመለሰችበት በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስት ሲጠራ መምህርቷ እንደ ወትሮው «ቀሪ» ብለው አለፉ። በሁለተኛው ቀን ዘጠኙ ልጆች ዞረው ልጄን አዩዋት። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሦስት ሲጠራ ልጄ «አቤት» አለች። ጮክ ብላ አለች አሉ፤ እኔ ግን ከዚያች ልጅ አፍ የወጣ ጩኸት ሰምቼ ስለማላውቅ እንዴት ያለ እንደሆነ መገመት አልቻልኩም። መምህርቷ ራሳቸውን ሳያነሡ ምልክት አደረጉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ለፍላፊት ሞታ ስምንት ቀን ያህል ያለመቅረት ተማረች።

በአሥራ አንደኛው ቀን የክፍል አለቃው ቆጥሮ ደረሰበት። ወንበሩ ስድሳ ሦስት፣ አቤቱ ስድሳ አራት። መምህርቷም እንደ ደንቡ «በሌላ ሰው ስም አቤት አልልም» የሚለውን አምሳ ጊዜ እንድትጽፍ ቀጧት። ደብተሩን እናቷ አገኘችው። አርባ አንዱን ጨርሳለች። እጇ ቀና ያለ ነው፤ በእኔ ወጥታለች። አርባ አንደኛው መስመር ላይ «ሌላ ሰው» የሚለውን ሰርዛ «እህቴ» ብላ ጽፋለች፤ ከዚያ በኋላ አልቀጠለችም።

እናቷ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ «ሂድና የልጄን ስም ከዚያ ቦታ አውጣልኝ» አለችኝ። የባለቤቴን ቃል እንዳለ ማስፈሬ ክቡርነትዎን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለተደረገው ሁሉ መነሻው ይህ ስለሆነ ነው።

አምስተኛ፣ እንግዲህ ስለ ቅጹ። በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ኃላፊዋ ወንበር ሰጡኝ፤ ይህን አልረሳም። ስም ከመዝገብ የሚወጣው የመልቀቂያ ቅጽ ሲሞላ ብቻ መሆኑን አስረድተው ቅጹን ሰጡኝ። የመልቀቂያ ምክንያት በሚለው ሥር አራት ሣጥኖች አሉ። ሀ. የወላጅ አድራሻ ለውጥ፤ ለ. ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወር፤ ሐ. በዲሲፕሊን መሰናበት፤ መ. በራስ ፈቃድ ማቋረጥ። ቅጹን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። የእኔ ልጅ ምክንያት እዚህ ውስጥ እንደሌለ በትሕትና ብነግራቸው፣ ሣጥን ለመጨመር የኮሚቴ ውሳኔ እንደሚያስፈልግ፣ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው በሚቀጥለው መንፈቅ መሆኑን ነገሩኝ። ታዲያ እስከዚያ በየጠዋቱ ስትጠራ ልትኖር ነው ብላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባቴ፣ ለቀረችው ልጅዎ ብዬ ነው፤ ዝም ብለው «ለ» ላይ ምልክት ያድርጉና ይገላገሉ። ወረቀት እኮ ነው» አሉኝ።

እኔም አደረግሁ። በዚህ ቦታ የማመሰግነው ሰው የለኝም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝና። ሐኪሟ አታድበስብስ ያሉኝ እኔ፣ በገዛ ብዕሬ ልጄ ተዛውራለች ብዬ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ተቀባይ ትምህርት ቤት በሚለው መስመር ባዶ መተው እንደማይቻል ሲነገረኝ ደግሞ ኃላፊዋ እንዳሉኝ «በሂደት ላይ» ብዬ ጻፍኩ። ሰሌዳ ጻፊ ነኝና እጄ በልማድ አሳመረው።

ወረቀት እኮ ነው የተባለው ወረቀት በማግስቱ ክፍል ገባ። ክፍሉ ተማሪ ሲዛወርበት የሚያደርገው የቆየ ጥሩ ልማድ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ስሙ ከመሰረዙ በፊት ለተዛወረው ልጅ ይጨበጨብለታል፤ እያንዳንዱ ተማሪም አንዳንድ የመልካም ምኞት ካርድ ይጽፍለታል። መምህርቷ ቅጹን ከፍ አድርገው እያሳዩ «ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች፤ አባቷም ፈርመዋል» አሉ። ዘጠኙ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ግን ልጆች ናቸው፤ ትልቅ ሰው ወረቀት ይዞ ሲናገር ያወቁትን ተጠራጠሩ። ተጨበጨበ። ከዚያ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ካርድ ተጻፈ፤ ካርዶቹም ተሰብስበው በክር ታስረው «ለእህትሽ አድርሺላት» ተብለው ለማን እንደተሰጡ ክቡርነትዎ አያጡትም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሣሎን ምንጣፉ ላይ ስድሳ ሁለት ካርድ ደረደረች። አንዱ «አዲሱ ትምህርት ቤትሽ ሜዳ አለው?» ይላል። አንዱ «ስትመጪ ጠይቂን» ይላል። አንዷ ልጅ አበባ ሥላ፣ ከሥሩ «እኔ ሞተሻል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ይቅርታ» ብላለች። ልጄ ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና፣ ድምፅ በሌለው አነጋገሯ፣ «አባዬ፣ የት ነው የተዛወረችው?» አለችኝ።

እውነቱን ደግሜ ነገርኳት። ሞታለች አልኳት፤ ያ ወረቀት ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኳት። እርሷም «ፊርማህ አለበት» አለች። ቀጥላም «ያኔ ሞተች ያልከኝስ ፊርማ ነበረበት?» አለች። ለዚህ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ፤ በሰርኩላሩ ላይም ካለ ገጹን ይጠቁሙኝ።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ከዚህ በኋላ አልታዘዘኝም።

በሚቀጥለው ቀን ወደ መቃብሩ ይዣት ሄድኩ። ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረግሁት፤ ግን እናቷ አልቻለችም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ሰበብ አገኘሁ። የመቃብሩን ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ ፊደሉን በጣቷ ተከትላ አየችና «ይሄ ያንተ ጽሑፍ ነው» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውም ያንተ ነው» አለችኝ። አዎ አልኳት። በዚያ ግድግዳ ላይ እንተጋለን ብዬ የጻፍኩትን እየገባችና እየወጣች ለሁለት ሳምንት አይታዋለችና፣ የአባቷ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚታመን ለክታዋለች። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ደንበኛ ያስጻፈኝ ነገር እውነት ይሁን ውሸት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ትምህርት ቤትዎ አልመጣችም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። አታምጽም፤ አታለቅስም። በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እንሂድ ስላት በእምቢታ ራሷን ትነቀንቃለች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ተንበርክካ «ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?» ብላ ብትለምናት «እኔንም አዛውሩኝ» አለች። ወዴት ስትላት «እሷ ጋ» አለች።

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ይህን ስጽፍ ፌዙ ከእጄ ወድቋል። የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ሁለት ፎቅ ስንወጣና ስንወርድ አንዷን ቀብረን አንዷን ይዘን የተመለስን ሰዎች ነን፤ የተመለሰችውን ደግሞ በሩ ላይ ቦርሳ ይዛ መንገድ ስትጠብቅ እያየናት ነው። እናቷ ወደ ሥራ መሄድ አቁማለች፤ ከበሩ ዘወር ካለች ልጅቷን የማታገኛት ይመስላታል። ወደ ሐኪሟ ወስጃታለሁ፤ እርሳቸውም ከልጄ ጋር ብቻቸውን ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ወጥተው እንዲህ አሉኝ፦ ልጅቷ ሞትን ታውቃለች፣ ግን እናንተ ትልልቆቹ ሁለት ነገር ስለነገራችኋት ከሁለቱ የሚሻለውን መርጣለች፤ አንድ ነገር መናገር አለባችሁ፣ ሁላችሁም።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ተማሪዋ እንዳልተዛወረች፣ እንደ ሞተች፣ የተዛወረች ያስባለውም የቅጹ ጉድለትና የአባቷ ድካም መሆኑን የሚገልጽ፣ ሦስት መስመር የማይሞላ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ለልጄ ይጻፍልኝ። እርስዎ ወይም መምህርቷ ደግሞ ይህንኑ ለክፍሉ በቃል ይንገሩልኝ። የእኔን ቃል ብትሰማ ኖሮ አላስቸግርዎትም ነበር፤ አሁን ግን በነገርኳት ቁጥር «ማህተም አለው?» ትለኛለች፤ በዚህ ቤት ከማህተምዎ በላይ የሚታመን ሰው አልቀረም።

ይህን ልመና ሦስት ጊዜ ይዤ መጥቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን የሞት ማስረጃው ካለበት ፋይል ጋር ካልተያያዘ ደብዳቤ እንደማይወጣ፣ ፋይሉም እየተፈለገ እንደሆነ ተነገረኝ። በሦስተኛው ቀን ምክትልዎ በደግነት ተቀብለውኝ፣ ትምህርት ቤቱ አንዴ በይፋ ያሳወቀውን መልሶ ቢሽር በተማሪዎች ዘንድ የሚኖረውን አመኔታ እንደሚጎዳ አስረዱኝ። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ይህን ተረት ስሰማ ነው ያደግሁት፤ እኔም ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ። ለካ የሚተርተው ያልጠፋበት ሰው ነው።

መምህርቷን በተመለከተ፣ ቅያሜ የለኝም። ነገሩን ከዘጠኙ ልጆች አንዷ ነግራቸው ኖሮ ባለፈው ሳምንት ቤታችን ድረስ መጡ። ከበሩ አልፈው መግባት አልቻሉም፤ ከርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው «እኔ አላወቅሁም ነበር፣ ማንም አልነገረኝም» እያሉ ተንሰቀሰቁ። ልጄ መሐረቧን አውጥታ ሰጠቻቸው። ለክፍሉ እውነቱን ለመናገር የቢሮዎን ፈቃድ መጠየቃቸውን፣ ጥያቄው እየታየ መሆኑንም ነግረውኛል። የሁላችንም ጉዳይ እየታየ ነው፤ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ አንብበው እዚህ ስለ ደረሱ ትዕግሥትዎን አደንቃለሁ። ዕድሜዎና ሥልጣንዎ ይርዘም፤ ልጆችዎ ስማቸው በተጠራ ቁጥር በገዛ አፋቸው አቤት የሚሉ ይሁኑልዎ፤ ከልጆችዎ ስለ አንዳቸው እንኳ አራት ሣጥን ያለው ወረቀት ፊትዎ አይቅረብ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ በጠላቴም ላይ አልመኘውምና።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከማይናቅ ምስጋናና ከተረፈችኝ አንዲት ልጅ ጋር፣
የግድግዳዎ ጸሐፊ፣ የተራ ቁጥር ስምንትና የተራ ቁጥር ሃያ ሦስት አባት

ግልባጭ፦
ለአረንጓዴ ቀለም ምርጫ ኮሚቴ
ለስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤትና የምክር አገልግሎት
ፋይሉን ለሚያገኝ ማንኛውም ሰው

በድጋሚ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልከት ስል ከቢሮዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ልመናዬ ተሰማ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ቁጥሩ ሙሉ፣ ቀኑ ሙሉ፣ ማህተሙ ድምቅ ያለ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዋ የተዛወረችበት ትምህርት ቤት የመቀበያ ደብዳቤ እስካሁን ስላልላከ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ካልቀረበ ዝውውሩ ተሰርዞ ተማሪዋ ወደ ትምህርት ቤታችን የምትመለስ መሆኑን እናሳውቃለን»። ሳላስተውል ጠረጴዛ ላይ ትቼው ኖሮ ልጄ አነበበችው። ማህተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሄዳ ከአልጋው ሥር የእህቷን ዩኒፎርም ከሻንጣ አወጣች፤ አጥባም ገመድ ላይ አስጥታዋለች። ዛሬ ጠዋት ለቁርስ ስትቀመጥ «ዘጠኝ ቀን ቀረ» አለችን። እናቷ ተነሥታ ወጣች። ክቡር ርዕሰ መምህር፣ በአሥረኛው ቀን ጠዋት በርዎ ላይ ቆማ እህቷን ትጠብቃለች፤ እባክዎ ያን ዕለት ስብሰባ አይያዙና እርስዎ ራስዎ ወጥተው ይንገሯት፤ እኔን አታምነኝም።